«አዋቂ ቤት»፦ መጽሐፍ ቅዱስ ጥንቆላን ሲከለክል የሚከለክለው ምንን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ «ጠንቋይ ቤት ሄጄ ነበር» ብሎ በራሱ አፍ የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። ጠንቋይ ቤት የሚሄደው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የባል እናት። የራስ ጉዳይ ሲሆን ግን «አንድ አዋቂ ጋ ደረስ ብዬ መጣሁ» ይባላል። «አዋቂ» የሚለው ቃል ነውሩን ሸፍኖ ክብር ስለሚያለብሰው፣ የሄደው ሰው ምክር የጠየቀ እንጂ የተከለከለ ነገር ያደረገ አይመስልም። የሚገርመው ይኸው የማለስለሻ ቃል በራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ክልከላ ውስጥ መገኘቱ ነው። ኦሪት በተጻፈበት በዕብራይስጥ ከተከለከሉት ባለሙያዎች አንዱ «ይድዖኒ» ይባላል፤ ቃሉ «ያዳዕ» ማለትም «ዐወቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ ቃል በቃል ሲፈታ «አዋቂ» ማለት ነው። ሕጉ ሰውየውን የጠራው ጠላቶቹ ባወጡለት የስድብ ስም ሳይሆን ደንበኞቹ በሚያከብሩት ስም ነው።

የክልከላው ዋና ቦታ ኦሪት ዘዳግም 18፥9-14 ነው። እስራኤላውያን ዮርዳኖስን ከመሻገራቸው በፊት ሙሴ የሚገቡበትን አገር ሕዝቦች ልማድ እንዳይማሩ ሲያስጠነቅቃቸው፣ በመካከላቸው ሊገኙ የማይገባቸውን በዝርዝር ይቆጥራል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዝርዝሩ ወንድ ልጁን ወይም ሴት ልጁን በእሳት ከሚያሳልፍ ሰው ይጀምርና ምዋርተኛን፣ ሞራ ገላጭን፣ አስማተኛን፣ መተተኛን፣ በድግምት የሚጠነቁልን፣ መናፍስት ጠሪን፣ ጠንቋይን እና ሙታን ሳቢን አከታትሎ ያነሣል። እኛ ይህን ሁሉ «ጥንቆላ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን ስለምንናገር ልዩነቱ ይጠፋብናል። ይሁንና ስሞቹ ረጋ ተብለው ሲታዩ ሦስት የተለያዩ ፍላጎቶችን ያሳያሉ፤ አንደኛው የተሰወረውን ማወቅ፣ ሁለተኛው በሌላው ሰው ላይ ወይም በነገሮች ላይ በስውር ኃይል ማዘዝ፣ ሦስተኛው ከሞቱት ጋር መነጋገር ነው። ልጅን በእሳት ማሳለፍ ከእነዚህ ጋር ተደርቦ መጠቀሱ እንግዳ ቢመስልም፣ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 21፥6 ንጉሥ ምናሴ ልጁን በእሳት አሳለፈ፣ አስማትም አደረገ ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገር ነገሮቹ በዘመኑ አብረው ይሄዱ እንደነበር ይታያል። ሰው የሚፈልገውን መልስ ለማግኘት እስከምን ድረስ ሊከፍል እንደሚችል ዝርዝሩ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ያሳያል።

የተሰወረውን ስለማወቅ የሚናገረው የመጀመሪያው ስም «ቆሴም» የሚል ሲሆን፣ ሥሩ በዐረብኛ መክፈልንና መደልደልን ከሚያመለክተው «ቀሰመ» ጋር አንድ ነው። ቁርኣንም በቀስት ዕድልን ማየትን ሲከለክል ከዚሁ ሥር የወጣውን ግሥ ይጠቀማል። ይህ ሥራ እንዴት ይከናወን እንደነበር ትንቢተ ሕዝቅኤል 21፥21 በጥሩ ሁኔታ ያሳየናል። የባቢሎን ንጉሥ መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ቆሟል፤ አንዱ መንገድ ወደ አሞናውያን ከተማ፣ ሌላው ወደ ኢየሩሳሌም ይወስዳል። ወዴት እንደሚዘምት ለመወሰን ፍላጻዎችን ያወዛውዛል፣ የቤት ጣዖታቱን ይጠይቃል፣ የታረደ እንስሳ ጉበትም ይመለከታል። በባቢሎንና በአካባቢዋ ጉበት ማንበብ የታወቀ ትምህርት ነበር፤ ለተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆኑ፣ እያንዳንዱ ክፍላቸው በጽሕፈት የተብራራ የሸክላ ጉበቶች በጥንታዊቷ ማሪ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝተዋል፤ በእስራኤል ምድር በሐጾር ከተማ ቁፋሮም እንዲሁ። የእኛ ተርጓሚዎች ከዝርዝሩ አንዱን ስም «ሞራ ገላጭ» ሲሉ የተረጎሙት በአገራችን የታረደውን ከብት ሞራ ገልጦ መጪውን የሚያነብ ሽማግሌ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። ባቢሎን ጉበቱን፣ የእኛ አገር ሞራውን ያያል፤ ሁለቱም የሚሹት የአንድን እንስሳ ሆድ ዕቃ እንደ ደብዳቤ ማንበብ ነው።

በስውር ኃይል ስለማዘዝ ከተነገሩት ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ ቶሎ የሚገባው «ሖቤር» የሚለው ነው። ቃል በቃል «የሚያስር፣ የሚቋጥር» ማለት ሲሆን፣ አማርኛው «በድግምት የሚጠነቁል» ብሎታል። ሥራ አልሳካ ያለው ሰው «አስረውብኛል» ሲል፣ ወይም ትዳር የዘገየባት ልጅ እናት «ዕድሏን ቋጥረውባት ነው» ስትል የምትናገረው ይህንኑ ጥንታዊ ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሕጉ የሚያወግዘው አሳሪውንና የሚያሳስረውን ነው እንጂ የታሰረብኝ ይሆናል ብሎ የሚፈራውን ሰው አይደለም። ፈሪውን ሰው በተመለከተ መጽሐፉ የሚናገረው በሌላ ቦታ ነው። ሞዓባዊው ንጉሥ ባላቅ በለዓምን እስራኤልን እንዲረግምለት የምዋርት ዋጋ አስይዞ ሲያስጠራው፣ በለዓም በመጨረሻ የተናገረው በያዕቆብ ላይ አስማት እንደማይሠራ ነው (ኦሪት ዘኍልቍ 23፥23)። በለዓም ተራ የተረት ሰው አልነበረም፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በዮርዳኖስ አገር ዴይር ዐላ በተባለ ቦታ በግድግዳ ልስን ላይ በቀለም የተጻፈ ጥንታዊ ጽሑፍ ሲገኝ፣ የቢዖር ልጅ በለዓም የሚባል ባለ ራእይን የሚጠቅስ ሆኖ ተገኝቷል። ዝናው ከእስራኤል ውጭም የተሰማ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ በመጽሐፉ ትረካ ግን አህያው ያየችውን መልአክ እሱ ማየት አልቻለም። «ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም» የሚለው የእኛ አባባል ከዚህ ታሪክ የመጣ ባይሆንም እጅግ ይስማማዋል።

ብዙ ሰው ክልከላውን የሚረዳው «ጥንቆላ ውሸት ስለሆነ ተከለከለ» ብሎ፣ ወይም በተቃራኒው «የሰይጣን ኃይል ስላለበት ተከለከለ» ብሎ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ለሁለቱም የሚሆን ንባብ አለ፤ መጽሐፈ ሲራክ ጥንቆላንና ገድን ከንቱ ይላቸዋል፣ የሐዋርያት ሥራ ደግሞ የጥንቆላ መንፈስ ስላደረባት ልጅ ይናገራል። ነገር ግን በዘዳግም 18 የተሰጠው ምክንያት ይሠራል አይሠራም በሚለው ላይ አይቆምም። ቁጥር 14 ላይ «እነዚያ ሕዝቦች ሞራ ገላጮችንና ምዋርተኞችን ይሰማሉ፤ ለአንተ ግን እንዲህ አልተፈቀደም» የሚል ሐሳብ ካለ በኋላ፣ በቁጥር 15 ወዲያው እግዚአብሔር ከወንድሞችህ መካከል ነቢይ ያስነሣልሃል፣ እርሱን ስማ ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጎኖች ናቸው። በእኔ አስተያየት በሰንበት ትምህርትም ሆነ በስብከት የመጀመሪያው ጎን ብቻ ተነጥሎ መነበቡ ክልከላውን የዝርዝር ሕግ አስመስሎታል፤ ጥያቄው ግን «ምን አደረግህ?» ከሚለው ይልቅ «ማንን ሰማህ?» የሚል ነው። ኢሳይያስም በ8፥19 ስለሚንሾካሾኩና ስለሚጮኹ መናፍስት ጠሪዎች ሲናገር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሕዝብ አምላኩን መጠየቅ ሲገባው ስለ ሕያዋን ሙታንን ይጠይቃልን?

እንዲህ ከተረዳነው በኋላ አስቸጋሪ የሚመስሉ ንባቦች ይቃለላሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም።

የመጀመሪያው የዮሴፍ ጽዋ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት 44 የዮሴፍ የቤት አዛዥ በብንያም ስልቻ ውስጥ የተደበቀው የብር ጽዋ ጌታው የሚጠጣበትና ምዋርት የሚያይበት መሆኑን ይናገራል፤ ዮሴፍ ራሱም በቁጥር 15 ያንኑ ይደግማል። ጻድቁ ዮሴፍ ጽዋ ያነብ ነበርን? አንዳንዶች ዮሴፍ ወንድሞቹን ለመፈተን የግብፅ ሹም መስሎ የተናገረው ነው ይላሉ፤ እስር ቤት ሳለ የሕልም ትርጓሜ የእግዚአብሔር ነው ማለቱም (40፥8) ይህን ይደግፍላቸዋል። ሌሎች ደግሞ የሙሴ ሕግ ገና አልተሰጠም ይላሉ። እኔ የመጀመሪያው መልስ ያመዝናል ብዬ ባስብም፣ መጽሐፉ ራሱ ነገሩን ሳያብራራ ማለፉን መካድ አይቻልም።

ጽዋ ማንበብ ደግሞ ለእኛ ከተማ ሩቅ አይደለም። አንድ ማለዳ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ዱካ ላይ ተቀምጬ ቡና ስጠጣ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት አጠገቤ ቁጭ ብለው አቦል ጠጥተው ጨረሱ። ቡና የምታፈላው ወጣት ከረከቦቱ ላይ ቀና ብላ «እትዬ፣ ሲኒዎን ይገልብጡትና ልይልዎ?» አለቻቸው። «ተዪ ልጄ፣ ኪዳን አስደርሼ መምጣቴ ነው» አሉ። «ለጨዋታ እኮ ነው» ስትላቸው ፈገግ ብለው ሲኒውን በማስቀመጫው ላይ ደፉት። ልጅቱ ጥቂት ቆይታ ሲኒውን አንሥታ በውስጡ የወረደውን ዝቃጭ ወደ ብርሃን አዙራ አየችና «መንገድ ይታየኛል፤ ግን አንድ ነገር ዘግቶታል» አለች። የእናትየው ፈገግታ ጠፋ። ልጃቸው የቪዛ ቀጠሮ እየጠበቀ እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምንድን ነው የዘጋው?» ሲሉ ጠየቁ። ጨዋታው ያለቀው እዚህች ጥያቄ ላይ ነበር። በሲኒው ውስጥ ያለው ዝቃጭ ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረው ያው ዝቃጭ ነው፤ የተለወጠው የእናትየው ልብ የሚሰማው ድምፅ ነው። «ለጨዋታ ነው» የሚለው መከራከሪያ ሁልጊዜ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰው በዓለም ላይ ካለው ጭንቀት አንጻር ጨዋታው ለምን ቶሎ ወደ ምክር እንደሚለወጥ ለመረዳት ግን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር ዕጣ ነው። ጥንቆላ ከተከለከለ ሊቀ ካህናቱ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚጠይቅባቸውን ኡሪምና ቱሚምን በደረት ኪሱ ለምን ይይዝ ነበር? ኢያሱ ምድሪቱን፣ ሐዋርያትም የይሁዳን ቦታ በዕጣ ለምን ሰጡ? መልሱን በመርካቶ የዕቁብ ቤት ማየት ይቻላል። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ ማንም ዕጣውን ስለ ነገ አይጠይቀውም፤ ሁሉም እኩል መብት ስላለው፣ ማን ይቅደም የሚለው ላይ አድልዎ እንዳይኖር ውሳኔውን ከሰው እጅ ያወጡታል። የኮንዶሚኒየም ዕጣም እንዲሁ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶበት ሲሰረዝ ሕዝቡን ያስቆጣው የሰው እጅ ስለገባበት ነበር። መጽሐፈ ምሳሌ 16፥33 ዕጣ ቢጣልም ፍርዱ ከእግዚአብሔር ነው ሲል የሚያስበው ይህን መሰሉን እጅን ማውጣት ነው። በተጨማሪም ኡሪምና ቱሚም ለሚከፍል ሁሉ የሚሠሩ አልነበሩም፤ ሳኦል ሲጠይቅ በሕልምም፣ በኡሪምም፣ በነቢያትም መልስ አላገኘም። መልስ ሊከለክል የሚችል መሣሪያ የጥንቆላ መሣሪያ አይደለም፤ የጠንቋይ ጠጠር ዝም ብሎ አያውቅምና። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ከማትያስ ምርጫ በኋላ፣ ማለትም ከጰራቅሊጦስ ወዲህ፣ ዕጣ ዳግመኛ አይነሣም።

ሦስተኛው በገና ሰሞን የምንዘምርላቸው ሰብአ ሰገል ናቸው። ብዙዎቻችን «ጠቢባን» ብለን እናልፋቸዋለን፤ በግእዝ ግን «ሰገል» ጥንቆላና ኮከብ ቆጠራ ነው፤ ሰብአ ሰገል ማለትም «የጥንቆላ ሰዎች» ማለት ነው። የግእዝ ተርጓሚዎቻችን ቃሉን ለማለስለስ አልሞከሩም። የማቴዎስ ወንጌል ጥበባቸውን ሲያመሰግን አናነብም፤ ኮከቡ እስከ ኢየሩሳሌም ካደረሳቸው በኋላ ሕፃኑ የት እንደሚወለድ ያወቁት ከነቢዩ ሚክያስ መጽሐፍ ነው። ምጥው ለአንበሳ የተባለው አግናጥዮስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በዚያ ኮከብ መታየት የጥንቆላ እስራት ሁሉ እንደተፈታ ይናገራል።

ወደ ሳኦል እንመለስ፤ ሕጉ በሰው ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 28 በተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም። ሳኦል ራሱ መናፍስት ጠሪዎችንና ጠንቋዮችን ከአገር ያጠፋ ንጉሥ ነው። ፍልስጥኤማውያን ሲከቡትና ከሰማይ መልስ ሲያጣ ልብሱን ለውጦ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ በሌሊት ዓይንዶር ወደምትኖር ሴት ይሄዳል። ሴትዮዋ ማንነቱን ሳታውቅ «ሳኦል ያደረገውን ታውቃለህ፤ ለምን ልታስገድለኝ ታጠምደኛለህ?» ትለዋለች። በጠየቃት መሠረት የሞተው ነቢዩ ሳሙኤል ይወጣል፤ የሚናገረውም ሳኦል አስቀድሞ ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ አንተና ልጆችህ ከእኔ ጋር ትሆናላችሁ። የወጣው እውነተኛው ሳሙኤል ነውን ወይስ አስመሳይ መንፈስ? የቤተ ክርስቲያን አባቶች በዚህ ላይ ተከራክረዋል፤ አርጌንስ (ኦሪጀን) ሳሙኤል ራሱ ነው ሲል፣ የአንጾኪያው ኤዎስጣቴዎስ ይህን ለመንቀፍ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የታሪኩ መጨረሻ ነው። ሳኦል ቀንና ሌሊት እህል ስላልቀመሰ በምድር ላይ ይዘረጋል፤ ሴትዮዋም በቤቷ የነበረውን የሰባ ጥጃ አርዳ፣ ቂጣ ጋግራ ታበላዋለች። መጽሐፉ ሥራዋን ሳያጸድቅ ደግነቷን ይመዘግብላታል። ጠንቋይ የተባለን ሰው ሁሉ እንደ አውሬ የሚያይ ሰው ይህን ምዕራፍ ጨርሶ ቢያነበው መልካም ነው።

የክልከላው ከባድ ክፍልም እዚሁ ይነሣል። ኦሪት ዘጸአት 22፥18 መተተኛ ሴት በሕይወት እንዳትኖር ያዝዛል። ይህ ንባብ በአውሮፓ ከአሥራ አምስተኛው እስከ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ድረስ በጥንቆላ የተከሰሱ ሰዎች፣ አብዛኛዎቹም ሴቶች፣ ሲገደሉ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀስ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎች የተገደሉትን ከ40,000 እስከ 50,000 ይገምታሉ። የእኛም ታሪክ ንጹሕ አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስማተኞችንና ጠንቋዮችን አጥብቆ ተዋግቷል፤ ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን ሰው ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ሰይጣንንና ደስክ የተባለውን መንፈስ የሚክድበትን ቃል እንዲጽፍ ታዝዞ ነበር፤ በደስክና በዲኖ አምልኮ ከተከሰሱትና ክፉኛ ከተቀጡት መካከል የንጉሡ የገዛ ልጆች ነበሩበት። ክሱ በቤተ መንግሥት እንዲህ ከሠራ በመንደር ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በአዲስ ኪዳን ማንም ጠንቋይ በሐዋርያት እጅ ለፍርድ ሲሰጥ አናይም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የሚቀጣው መንፈስ እጠራለሁ፣ ኮከብ እቆጥራለሁ እያለ የሰውን የዋህነት ለጥቅሙ የሚያውለውን ነው፤ «ቡዳ ነች» ተብላ የምትታማን ጎረቤት አይደለም።

አሁን ደግሞ ብዙ አማኞች «ይህማ አይመለከተኝም» ወደሚሉበት እንምጣ። ክታብ ያሰረ ሰው «በውስጡ ያለው የእግዚአብሔር ስም ነው» ይላል። እውነትም ነው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከተሰበሰቡት ቅርሶች መካከል ያሉት የብራና ጥቅሎች በባለቤታቸው ቁመት ልክ የተሰፉ፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም የተጻፉ፣ መላእክትና ትልልቅ ዓይኖች የተሣሉባቸው ናቸው። ጸሎት ይጻፍባቸዋል፤ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን ስላሸነፈው ስለ ቅዱስ ሱስንዮስ ይተረክባቸዋል፤ ቀጥሎም «አስማት» የሚባሉ የማይፈቱ ስሞች ይደረደራሉ፤ በመጨረሻም የባለቤቱ ስም ይገባል። የሥዕል ጥበባቸው የሚያስደንቅ መሆኑን አልክድም፤ ቅርስነታቸውም ሊጠበቅ ይገባል። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 13 የሚወቅሳቸው ሴቶች ግን ጣዖት ይዘው የሚዞሩ አልነበሩም። ከገዛ ልባቸው ትንቢት የሚናገሩ፣ ለሰው እጅ መከዳ ወይም ማሰሪያ የሚሰፉ፣ ለእፍኝ ገብስና ለቁራሽ እንጀራ የሰውን ነፍስ የሚያድኑና የሚገድሉ ነበሩ። ሚክያስ በ3፥11 ደግሞ በገንዘብ የሚያሟርቱትን ነቢያት «እግዚአብሔር በመካከላችን ነው» እያሉ እንደሚደገፉ ይናገራል። ስለዚህ የተቀደሰ ስም መጠራቱ ነገሩን ከክልከላው አያወጣውም፤ ስሙ ለጸሎት ነው የተጠራው ወይስ ጠሪው እንዳሻው ሊያዝበት? ይህ ሚዛን ክታብ በሚጽፈው ደብተራ ላይ ብቻ ሳይሆን በአዳራሽ ወረፋ አስይዞ «የግል ትንቢት» በሚናገረውና የስልክ ቁጥሩን በቲክቶክ በሚያስተዋውቀው «ነቢይ» ላይም በእኩል ይሠራል።

ገላትያ 5፥20 «ምዋርት» ያለው ቃል በግሪኩ «ፋርማኬያ» የሚል ሲሆን፣ ከመድኃኒትና ከመርዝ ስም የወጣ ነው። ይህን ለውጭ አገር ሰው ማብራራት ብዙ ገጽ ይወስዳል፤ ለእኛ ግን «መድኃኒት አበላችው» ማለት በቂ ነው። ከሐኪም የታዘዘው ኪኒንም መድኃኒት ነው፣ በወጥ ውስጥ የተጨመረው መስተፋቅርም መድኃኒት ነው። መጽሐፈ ሔኖክ ከሰማይ የወረዱት፣ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ለሴቶች ካስተማሯቸው ክፉ ነገሮች መካከል ድግምትንና ሥር መቁረጥን ይቆጥራል፤ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» የሚለው ስድባችን የዚህ ዓለም ሩቅ ዘመድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ባህላዊ መድኃኒትን ሁሉ ጥንቆላ ማለት ግን ስሕተት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል፤ ኢሳይያስም ለንጉሥ ሕዝቅያስ እባጭ የበለስ ጥፍጥፍ አዝዟል። ዳማከሴ የምትጨምቅ እናት ከሲራክ ጋር ናት፤ ያው ዳማከሴ የሰውን ልብ ለማዞር ሲደገምበት ከሔኖክ ዝርዝር ይገባል።

ገንዘቡ ነገር ሳይነሣ ማለፍ የለበትም፣ የሐዋርያት ሥራ ደጋግሞ ያነሣዋልና። በፊልጵስዩስ ጳውሎስ የጥንቆላ መንፈስ የነበረባትን አገልጋይ ልጅ ሲፈውስ፣ ጌቶቿ የከሰሱት ሃይማኖታችንን ነካህ ለማለት ያህል ቢመስልም፣ መጽሐፉ ምክንያታቸውን አይደብቅም፤ የትርፋቸው ተስፋ እንደወጣ አይተው ነው። ልጅቱ ሁለት ጊዜ የታሰረች ነበረች፤ በመንፈሱና በጌቶቿ። በኤፌሶን ደግሞ ያመኑት አስማተኞች የራሳቸውን መጻሕፍት ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት ሲያቃጥሉ፣ ዋጋው ተቆጥሮ 50,000 ብር ሆነ። ያ ብር ብዙዎች እንደሚያስቡት ድራክማ ከሆነ አንዱ የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበርና፣ አንድ ሰው ያን ሁሉ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ መሥራት ይኖርበታል። መጻሕፍቱን ሸጠው ገንዘቡን ለድሆች መስጠት ይችሉ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን የሸጡት መጽሐፍ ሌላ ቤት ገብቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር።

በእኛ ከተማ ከሃይማኖት መጻሕፍት ጋር ተደባልቆ የሚሸጠው አውደ ነገሥት የተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። የአሠራሩ ስሌት ቀላል ነው፤ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደሎች በቁጥር ይመነዘሩና ተደምረው ለ12 ይካፈላሉ፤ ቀሪው ቁጥር ኮከቡን ያሳያል። አዋቂ የተባለው ሰው ገና ስንቀመጥ «የእናትህ ስም ማን ነው?» የሚለው ለዚህ ነው። የኮከቦቹ ስሞች፣ ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ ሑት፣ ከዐረብኛ የተወረሱ ናቸው፤ «የአባቶች ጥበብ» እየተባለ የሚነገረው ከጎረቤት የተገኘ መሆኑን ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከባሕረ ሐሳብ ጋር ግን መምታታት የለበትም፤ ባሕረ ሐሳብ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያሰላል እንጂ ፋሲካ ላይ ማን እንደሚታመም አይናገርም።

ኮከብ ስለመቁጠር በቀኖናችን ውስጥ ያለው እጅግ ጥሩ ትረካ በመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 12 የሚገኘው ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያነበው በዝርዝር ላስታውሰው። አብርሃም፣ ገና አብራም ሳለ፣ በሰባተኛው ወር መባቻ ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ከማታ እስከ ንጋት ኮከቦችን ይመለከታል። የሚፈልገው ሀብትም ሆነ የጠላት ሞት አይደለም፤ የዓመቱ ዝናብ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ብቻ ነው፤ ማንም ገበሬ የሚጠይቀውን። በዚህ መካከል አንድ ቃል በልቡ ይገባል፤ የከዋክብት፣ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ እኔ ለምን እመረምራለሁ? ቢወድ ያዘንባል፣ ቢወድ ይከለክላል። በዚያችም ሌሊት መቁጠሩን ትቶ መጸለይ ጀመረ፤ ከጸሎቱ በኋላ የመጣለት መልስ ስለ ዝናብ አልነበረም፤ ከአገርህ ውጣ የሚል ነበር። የዚያ ዓመት ዝናብ እንዴት እንደነበረ መጽሐፉ አይነግረንም።